ዝም በሉ፣ ድምፅ ላጸዳ ነው

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ኬብል ዘረጋሁ፣ ኬብል ጠቀለልኩ። ልዩነቱ... ይህን በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው!

የማታው የማንበብና የመጻፍ ትምህርት አለቀ። መምህራችን ስትሸኘን "የተማራችሁት እንዳይጠፋ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ" አለችን። አንድ መስመር? እኔ? ስናገር ሰው እራቱ የሚቀዘቅዝበት ሰውዬ፣ ስጽፍ በአንድ መስመር ላቆም?

ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ፦ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። (ሁለተኛ ነኝ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ግን ድሮም ትንሽ ትችል ነበር... አይቆጠርም።)

የምሠራው ከጎሚስታ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ እናቀናብራለን። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስልጠና፣ የሽማግሌ ትዝታ... የመጣውን። ከታች የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ያጓራል፤ ከላይ ማራገቢያው ይንቋቋል። እኔ ማይክ እይዛለሁ፣ ድምፅ እቀዳለሁ። ካሜራውን ይዞ የሚቀርጸውም፣ ኮምፒውተር ላይ ቆርጦ የሚቀጥለውም የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኮሌጅ ደጃፍ ስለረገጠ "ሊቁ" እለዋለሁ። እሱ "ሽቦ" ይለኛል። ቤት ሲገባ፣ እህቱ ፊት፣ "ጋሼ"! ሶፋዬ ላይ ይተኛል፣ ፎጣዬን ያረጥባል፣ በሬን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። ሥራ ቦታ ስንደርስ... ሽቦ።

ስጠላው!

ጥቅምት 7

ባለፈው የቀረጽነው የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ዳይሬክተር መጣ። ፊልሙን ከፈተና "ይሄ እኔ ነኝ? በርሜል ውስጥ ገብቼ ነው እንዴ የተናገርኩት?" አለ።

አለቃችን ሊቁን አየችው። ሊቁ እኔን አየኝ።

"እትዬ፣ እኔ ጋ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ማይኩን የያዘውን ይጠይቁት።"

ውሸታም! ስቀዳ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። ኮምፕሬሰሩም ነበረበት፣ ማራገቢያውም ነበረበት፤ ሰውየው ግን ሰው ነበር። በርሜል ውስጥ የከተተው ሊቁ ነው። ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ዘፈን ደባልቆ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ያቺን ማጽጃ የሚጭንበት። የኖይዝ፣ የጫጫታ ማጥፊያ ይሏታል። እስከ ጥግ ድረስ ይጎትታታል። ማሽኗ ታዲያ ዘፈኑን ከሰውየው በምን ትለየው? አንድ ላይ ትፍቀዋለች።

ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ እጇን አነሳች። "አንድ ሰው ደግሞ በርሜል ካለኝ ሌላ ማይክ ያዥ እፈልጋለሁ።"

ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ እንጀራ የበላሁ ሰው... ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ በተማረ ልጅ ልባረር?

ጥቅምት 8

አልጽፍም። ደሜ ፈልቷል።

ጥቅምት 11

አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ኤዲቲንግ ሲያስተምር አገኘሁ። በአማርኛ! ሰውየው የሚለው... ልክ እኔ የምለውን! ድምፁ ገና ጥሬ እያለ፣ ዘፈን ሳይነካው፣ ለብቻው ይጸዳል። መቁረጥ መቀጠሉ ከዚያ በኋላ። መጀመሪያ ለማሽኗ ቆሻሻውን ብቻውን ታሳያታለህ፤ ሰው ያልተናገረበትን ቁራጭ። ናሙና ይለዋል። እሷም እንደ ፖሊስ ውሻ ያንን ታሸትና ከቀረው ውስጥ እያነፈነፈች ትነቅለዋለች።

"እና ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እንዳትረሱ" ሲል ፌርማታዬ ደረሰ። ወረድኩ። የሚረሳ ሰው ይስማው።

ሥራ ቦታ ስደርስ ወረቀት አነሳሁ። በትልልቁ ጻፍኩ፦

አንደኛ፦ ድምፅ ማጽዳት።
ሁለተኛ፦ መቁረጥ።
ሦስተኛ፦ ዘፈን።
ይህን የማይከተል ደደብ ነው።

የመጨረሻዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት። ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያ ማስታወቂያዬ። ራቅ ብዬ አየሁት፤ ቀረብ ብዬ አየሁት... እንዴት ያምራል!

ጥቅምት 12

ቀደደው። እንደገና ጻፍኩ፣ ከፍ አድርጌ ለጠፍኩ። ሊቁ አጭር ነው። ወንበር ላይ ወጣ። ወንበሩን ደበቅኩ። ካሜራ ሳጥን ላይ ወጣ። በማጣበቂያ ለጠፍኩት፤ አሁን ግድግዳውን ካላፈረሰ አይነሳም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሥሩ "የጻፈው፦ ሽቦ" ብሎ ጨመረበት።

እትዬ ሁለታችንንም አየችን። "እኔ ምን በድዬ ነው እናንተን የሰጠኝ?"

ጥቅምት 15

ዛሬን ማን ይሰርዛታል!

"እትዬ፣ አንዴ ብቻ የኮምፒውተሩ ወንበር ላይ ልቀመጥ" አልኩ። ሊቁ ሳቀ። "ሽቦ ሊነዳ ነው!" እትዬ ግን ፈቀደች። የዳይሬክተሩን ጥሬ ድምፅ አወጣሁ። የት እንደሚነካ ከሊቁ ትከሻ ጀርባ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው ወረቀት የሚያገላብጥበት ቦታ ነበር፤ አይናገርም፣ ኮምፕሬሰሩ ብቻ። እሱን ለናሙና ያዝኩ። አጸዳሁ። ዘፈኑን ከዚያ በኋላ አስገባሁ።

እትዬ የሊቁን ሰማች። የኔን ሰማች። ማዳመጫውን ከአንገቷ ሳታወርድ "ከዛሬ ጀምሮ ድምፁ መጀመሪያ በእሱ በኩል ያልፋል" አለች። "አጽድቶ ያስረክብሃል፤ አንተ ትቆርጣለህ።"

ሊቁ ፊቱ ሳሙና መሰለ። "ማንበብ ትናንት የጀመረ ሰው እኔን ሊያስረክበኝ ነው?"

"አዎ፤ ፈርመህ ትረከበኛለህ" አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማታ ሚስቴ፣ "ወንድሜን ሰው ፊት ደደብ ብለህ ግድግዳ ላይ ጻፍክበት አሉ?" አለችኝ።

"ስሙን አልጻፍኩም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሳትማር ይሻልህ ነበር።"

ጥቅምት 18

አዲስ ደንብ አወጣሁ። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ይላል፤ ናሙናዬን እወስዳለሁ። እጄን አነሳና "ዝም በሉ! ድምፅ ላጸዳ ነው!" እላለሁ። ዛሬ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው አፉን ገጥሞ እጄን ሲጠብቅ ዋለ። እኔን እኮ ነው! ሰው ሁሉ ዝም በል ሲለኝ የኖርኩትን! ሊቁ ከካሜራው ጀርባ ሳለ። ሆን ብሎ ነው። "ሳል ከያዘህ ውጣ" አልኩት። ወጣ። በሩን ወረወረው።

በርሜል የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሊቁ ያኮርፍ። ሶፋዬ ላይ ሆኖ ያኩርፍ።

ጥቅምት 23

ዛሬ የመጣችው ደንበኛ እናቷን ይዛ ነው። አዋላጅ ነበሩ፤ ግማሹን ሰፈር በእጃቸው የተቀበሉ ሴት። ጉሮሯቸው ላይ ክፉ ነገር ወጥቷል። ከነገ ወዲያ ቀዶ ሕክምና አለ። ልጅቷ በጆሮዬ "ሐኪሞቹ ድምፃቸው አይመለስም ብለዋል" አለችኝ። "ለልጆቼ እንዲቀርላቸው ነው። ተረታቸውን፣ ቁጣቸውን... የሚሉትን ሁሉ ቅረጹልኝ።"

ከአሁኑ ድምፃቸው የለም ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ብቻ፤ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ጆንያ። ማይኩን እስከ አገጫቸው አስጠጋሁት።

"ዝም በሉ! ድምፅ ላጸዳ ነው!" አልኩ።

"ለማን ነው ዝም የምለው?" አሉ አሮጊቷ።

"ለማሽኑ ነው እማማ። ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ዝም ያለ ሕፃን ነው። ሲያለቅስ ነው ደስ የሚለኝ።"

ልጅቷ ሳቀች። ሊቁም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደንብ ደንብ ነው። "ዝም ይበሉ አልኩ እኮ!" ጮህ ሳልልባቸው አልቀረሁም። ዝም አሉ። እየተነፈሱ ጠበቁኝ።

ከዚያ ተናገሩ። በመብራት እጦት፣ በጎርፍ፣ በጭነት መኪና ላይ ያዋለዱትን ሁሉ። መሃል ላይ ተነስተው በር ላይ ከተንጠለጠለው ቦርሳቸው ፎቶ አመጡ። "ይሄ ጠማማ፣ እግሩን አስቀድሞ መጣ፤ አሁን ዳኛ ሆኖልኛል" አሉ። ኮምፕሬሰሩ ከታች ሲያጓራ፣ "ይሄኛው ደግሞ ምጡ ጠናበት" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። ድምፅ ላይ ገብቶ ይሆን?

ጥቅምት 24

የአዋላጇን ድምፅ አጸዳሁ። ናሙናውን ከዚያች ከዝምታዋ ላይ ወሰድኩ። ለትልቅ ሥራ ትልቅ ጽዳት ነው ብዬ ማጽጃዋን ጠበቅ አደረግኩ። መጀመሪያው ላይ ልጅቷ እናቷን ስታስተዋውቅ አዳመጥኩ... መስታወት! እዚያው ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት። የመቅጃውን ሚሞሪም ለሚመጣው ሰርግ አጥፍቼ ባዶ አደረግኩ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ ንጹሕ!

ለሊቁ "ተረከብ" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ጥቅምት 27

ሰርግ። እግሬ አበጠ። አዋላጇ ከትናንት ወዲያ ቀዶ ሕክምናቸውን ጨርሰዋል፤ ደህና ናቸው አሉ።

ጥቅምት 28

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሊቁ ዛሬ የአዋላጇን ፊልም ሊቆርጥ ከፈተ። "ሽቦ፣ ና እስቲ" አለኝ። ድምፁ ላይ ስድብ አልነበረበትም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ልጅቷ ትናገራለች፤ ጥርት ያለ። ከዚያ እናትየው አፋቸውን ይከፍታሉ... ምንም። ከንፈራቸው ይሄዳል። እጃቸው ይሄዳል። ያ ጠማማ እግሩን አስቀድሞ ይመጣል። ድምፅ የለም። አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ የሚል ነገር፤ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ። የኔ ሳቅ ግን አለ። ጥርት ብሎ።

ወዲያው ገባኝ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ማራገቢያውና ኮምፕሬሰሩ ብቻ አልነበሩም። እሳቸው ይተነፍሱ ነበር። ድምፃቸው ደግሞ ትንፋሽ ነው። ለማሽኗ "ቆሻሻው ይሄ ነው" ብዬ ያሳየኋት ሴትዮዋን ራሳቸውን ነው። እሷም አነፍንፋ እስከ መጨረሻው ነቀለቻቸው።

ዋናው ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ። ሚሞሪው ላይ ሰርግ ተቀድቶበታል። የካሜራውን ድምፅ ሊቁ ድሮም አይከፍተውም። እንደገና ልቅዳ? ከምን ላይ?

አስተማሪው "ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እንዳትረሱ" ብሎ ነበር። ስልኬን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ዋናውን ሳትነኩ ኮፒ አስቀምጡ... እሷ ናት። አንዲት ፌርማታ ብቆይ ኖሮ!

ጥቅምት 29

ሊቁ ኮፒ አለው።

ወንበሩን ከነጠቅኩት ቀን ጀምሮ፣ እኔ ከመንካቴ በፊት ሁሉንም ወደ ፍላሽ ይገለብጥ ነበር። "አንተን አምኜ ሥራዬን ላስበላ?" አለኝ። ፍላሹ ከቁልፉ ጋር ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ከቤቴ ቁልፍ ጋር።

"ስጠኝ" አልኩ።

"እሰጥሃለሁ። እትዬ ፊት፣ 'በርሜሉ የኔ ማይክ ነበር' በል።"

"ማይኬ አይደለም! አንተ ታውቃለህ!"

"አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ እንደጻፍከው ደደብ እንዳልሆንኩም አንተ ታውቃለህ። ደንበኛው ሁሉ አንብቦታል። እህቴ ሰምታለች። ካልክ፣ ይህን ያበላሸኸውን ለማንም አልናገርም። ካላልክ... ሽቦ፣ ፊልሙ ድምፅ የለሽ ሆኖ ይሄዳል።"

"ለሴትዮዋ አታዝንም?"

"አንተ ስትጮህባቸው አዝነህ ነበር?"

ልመታው እጄን አነሳሁ። ፍላሹን ጨበጠው። እጄን አወረድኩ።

ጥቅምት 30

አልኩት።

"እትዬ፣ በርሜሉ... የኔ ማይክ ነበር።" ሊቁ መስኮት ያያል። ሰው እንዴት እንዲህ ተመችቶት መስኮት ያያል?

እትዬ ወደኔ ዞረች። "ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ልጁን ስትሰድብ የነበረው? ማዳመጫውን አስቀምጥ። ከነገ ጀምሮ መብራትና ኬብል።"

አስቀመጥኩ። ጆሮዬ ቀለለኝ፤ የማይረባ ቅለት።

ያላጠፋሁትን ተቀጣሁ፤ ያጠፋሁትን ማንም አላወቀም። ተቻቻለ ማለት ነው? አልተቻቻለም! እኔ ልክ ነበርኩ! በርሜሉን በተመለከተ ልክ ነበርኩ!

ቤት ስገባ ሚስቴ ሰምታለች። "ይቅርታ ጠይቀው" አለች። ጥርሴን ነክሼ እጄን ታጠብኩ።

ኅዳር 2

ከሊቁ ጋር መነጋገር አቁመናል። ጨው እንኳ ስፈልግ ለሚስቴ ነው የምናገረው፤ እሷ ለእሱ፣ እሱ ለእሷ። ጨው የያዘው እሱ፣ አጠገቤ።

ግን ዛሬ አምፖል ስቀይር ከጀርባው አለፍኩ። የአዋላጇን ድምፅ ከፍቷል። ናሙናውን ሊወስድ ነው... ከዚያችው ከዝምታዋ ላይ! ያው እኔ የገባሁበት ጉድጓድ! ልጩህ? ለሱ ቃል ላወጣ?

ወረቀት አነሳሁ። "እማማ ፎቶ ሊያመጡ የተነሱበት ላይ ውሰድ። ያኔ በሩ ጋ ናቸው፤ ማይኩ ጋ ትንፋሽ የለም። ማጽጃዋን ትንሽ ብቻ ንካት። ኮፒው ላይ ሥራ። ደደብ።"

ኪቦርዱ ላይ ጣልኩለትና መሰላሌን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 3

አምፖል ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። "ከመጻፍህ በፊት አስቤበት ነበር። ጅል።"

ውሸቱን ነው። አላሰበውም።

ኅዳር 9

ሊቁ ቤት ተከራይቶ ወጣ። ሚስቴ ሻንጣውን ስታዘጋጅ አለቀሰች፤ እኔ በሩን ይዤለት ቆምኩ። ቶሎ እንዲወጣ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። "ጋሼ" አላለም፤ "ሽቦ"ም አላለም።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። መሃሉ በእሱ ልክ ጎድጉዷል። ሄዶም አይመችም!

ኅዳር 11

ማስታወቂያዬ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው፤ ማጣበቂያዬ እንደሆነ ጠንካራ ነው። ግን ከ"አንደኛ"ው በላይ በሌላ ሰው እጅ አንድ መስመር ገብታለች፦ "ከሁሉም በፊት፦ ኮፒ።" "ደደብ" የምትለዋ ተሰርዛለች። "የጻፈው፦ ሽቦ" የምትለዋም ተሰርዛለች።

የእጅ ጽሑፉ ያስጠላል። የኔ ይበልጣል።

ኅዳር 14

ፊልሙን አዋላጇ ቤት አሳየን። እኔ መብራትና ኬብል፤ ሊቁ ማሽኑ ጋ። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው። እማማ ወንበር ላይ፤ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ጭናቸው ላይ ልጆች የሚማሩባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር። እንግዲህ የሚናገሩት በዚያች ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ልጅቷ አስተዋወቀች። ከዚያ... ጆንያው አሸዋ ላይ ተጎተተ። ድምፃቸው! ማራገቢያው በጣም ርቆ፣ ኮምፕሬሰሩ ከሥር በስሱ፤ እሳቸው ከሁሉም በላይ። ሊቁ ማጽጃዋን አላጠበቀባቸውም። በደንብ ሠርቶታል። (እኔ ነግሬው ነው።) ምጡ የጠናበት ኮምፕሬሰር ላይ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ መሃሉ ላይ የኔም ሳቅ አለ፤ አልቆረጠውም። ለምን አልቆረጠውም? ለማላገጥ ነው?

እማማ ከንፈራቸውን ከራሳቸው ድምፅ ጋር ያንቀሳቅሱ ነበር። አንድም ቃል አልሳቱም።

ሲያልቅ በጣታቸው ጠሩኝ። ሊቁን አይደለም፤ እኔን። ሰሌዳዋን አነሱ፣ ጻፉ፣ አዞሩልኝ። ያለፈው ዓመት ቢሆን ፈገግ ብዬ አንገቴን እነቀንቅ ነበር፤ እንደ በግ። አሁን አነበብኩ። ቃል በቃል፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፦

"ዝም ይበሉ ብለህ የጮህክብኝ አንተ ነህ። ይኸው ዝም አልኩልህ። ደስ አለህ?"

ቀና ስል እየሳቁ ነው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ድምፅ የለም። ዝም ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚያስፈራ ያኔ ገባኝ።

እኔ... ሰው እራቱ የሚቀዘቅዝበት ሰውዬ... ማርከሩን ለመንኳቸው። ከሥሩ ጻፍኩ፦ "አይ፣ እማማ።" ሌላ አልመጣልኝም። አንድ መስመር።

አነበቡት። በመዳፋቸው ጠርገው ሰሌዳዋን መልሰው ሰጡኝ። ተጨማሪ ጻፍ ማለታቸው ነው።

ሊቁ ከማሽኑ ጋ "ምን አሉህ?" አለ። ኅዳር ከገባ ወዲህ ለኔ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል።

"ለኔ ነው የተጻፈው" አልኩት። "ድምፁን ጨምርና ከመጀመሪያው አጫውተው።"